መሪ ውሻዬ፣ የባልደረባዬ አስምና የቤተ ክርስቲያናችን ደጅ

አንዲት ዓይነ ስውር ሴት መሪ ውሻዋን ይዛ በምትገባበት ክፍል ውስጥ፣ ከውሻ የሚነሣ ብናኝ ደረቱን የሚያፍነው ሰው ቀድሞ ተቀምጦ ቢገኝ ከሁለቱ ማን ይውጣ? ሜሪላንድ ውስጥ ከመሪ ውሻ ጋር የምኖር ኢትዮጵያዊት በመሆኔ ይህ ጥያቄ በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር ላይ፣ በሥራ ቦታም ይቀርብልኛል። ጠያቂዎቼ ብዙውን ጊዜ መልሱን ይዘው ይመጣሉ፤ ሰው ከውሻ ይበልጣልና ውሻው ይውጣ ይላሉ። ውሻው ሲወጣ ግን እኔም አብሬ እንደምወጣ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ከልምድም ከሕጉም የተረዳሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለታችን አንዳችንም መውጣት እንደማያስፈልገን፣ አስቀድሞ ተነጋግሮ ቦታና ሰዓት ማመቻቸት እንደሚበቃ፣ የማመቻቸቱንም ድካም ውሻ ያለውም የሌለውም ሊካፈለው እንደሚገባ ነው። ይህን ስል ግን መብቴን ለድርድር እያቀረብኩ አይደለም። በሩ ላይ መብት ካልተከበረ፣ ከበሩ ወዲያ ስላለው መቻቻል መነጋገር አይቻልም።

መብቱ ከየት እንደሚነሣ ላስረዳ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1990 ነው። በዚህ ሕግ ሥር ወጥቶ ከማርች 2011 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ረዳት እንስሳ የሚለው፣ ለአንድ አካል ጉዳተኛ ከጉዳቱ ጋር የተያያዘ የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነን ውሻ ብቻ ነው፤ ለትንንሽ ፈረሶች ለብቻው የተቀመጠ ድንጋጌ አለ። የምግብ ቤት፣ የሱቅ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ነገሩ ግልጽ ካልሆነለት ሁለት ነገር ብቻ መጠየቅ ይችላል፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ረዳት ነው ወይ? የሠለጠነውስ ምን ሥራ እንዲሠራ ነው? ወረቀት አምጪ፣ ሕመምሽ ምንድን ነው፣ ውሻው የሚሠራውን እዚህ አሳዪን ማለት አይፈቀድለትም። ውሻው ከቁጥጥር ወጥቶ ባለቤቱ ካላስታገሠው፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚጸዳዳ ከሆነ ግን እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ሌላ ሰው አለርጂ ስላለበት ወይም ስለፈራ መከልከል አይቻልም፤ ነገር ግን አለርጂ ያለበትና ውሻ የያዘው ሰው በአንድ ክፍል መዋል ግድ ሲሆንባቸው፣ የሚቻል ከሆነ በክፍሉ የተለያየ ጥግ ወይም በሁለት ክፍል በማስቀመጥ ሁለቱንም ማስተናገድ ይገባል። ሰዎች ሕጉ ለውሻ ያደላል ሲሉ ይህን የመጨረሻውን ክፍል ይዘነጉታል።

ውሻዋ ጁኖ ትባላለች፤ ጥቁር ላብራዶር ናት። ነጭ ዘንግ የሚነግረኝ የነካውን ነገር ነው፤ ጁኖ ግን ከመንካቴ በፊት ታዞረኛለች። የእግረኛ መንገድ ላይ ተጋድሞ የተተወ የኤሌክትሪክ ስኩተር ሲያጋጥመን ፍጥነቷን ትቀንሳለች፤ ጀርባዋ ላይ ካለው ጠንካራ እጀታ በመዳፌ የሚሰማኝ እንቅስቃሴ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ እኔም እከተላለሁ። ዘንግ የማያገኘውን፣ ፊት ላይ የሚገርፍ የዛፍ ቅርንጫፍ ሳይቀር ታሳልፈኛለች። መንገድ እንድናቋርጥ አዝዣት መኪና እየመጣ ከሆነ፣ ትእዛዜን እምቢ ብላ እንድትቆም ተደርጋ ሠልጥናለች። ይህን ሁሉ የምትሠራው ሐሳቧ ካልተከፋፈለ ነው፤ በድግስ ላይ ከጠረጴዛ ሥር ሥጋ የሚያቀብሏት ደግ ሰዎች ለእርሷ እንጂ ለእኔ ደግ እንዳልሆኑ ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

የወገኖቼ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ፤ አልንቀውምም። እኛ ያደግንበት ውሻ ግቢ የሚጠብቅ፣ ሌሊት በመንጋ የሚዞር፣ ነክሶ ሰው የሚገድል በሽታ ሊያስተላልፍ የሚችል እንስሳ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ዛሬም ሰው ይገድላል። በልጅነታቸው ተነክሰው በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን ተከታታይ መርፌ የቀመሱ ሰዎች በመካከላችን አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ውሻዬ አትናከስም ብሎ ማሳመን አይቻልም፤ የሚጠቅመው ርቀት መስጠትና ከየት በኩል እንደምናልፍ አስቀድሞ መንገር ነው። በአገራችን ዓይነ ስውርን የሚመራው ሰው ነበር፣ ዛሬም ነው። በየአብነት ትምህርት ቤቱ ዓይነ ስውራን የቅኔና የዜማ መምህራን በተማሪዎቻቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ይሄዱ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ያ ሥርዓት ብዙ ሊቃውንትን አፍርቶልናል፤ ነገር ግን የኔታ የትም ለመሄድ የሌላ ሰው ልጅ ጊዜ ያስፈልጋቸው ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው፣ የሚመራኝ ተማሪም የለኝም።

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው መኪና ውስጥ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የታክሲና በስልክ የሚጠራ መኪና ከሚነዱት መካከል ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ውሻ አልጭንም የሚለኝ ድምፅ አንዳንዴ በአማርኛ ይመጣል። አንድ ምሽት መስኮቱን ዝቅ ያደረገ አሽከርካሪ፣ መዝሙር ከፍቶ፣ በትሕትና «እህቴ፣ ይቅር በይኝ፤ ልጄ አስም አለባት፤ ማታ የማቅፋት በዚሁ ልብስ ነው» አለኝና ትቶኝ ሄደ። ቅዝቃዜው አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነበር። ለድርጅቱ አመለከትኩ። ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ የወገንሽን እንጀራ ልትዘጊ ነው ወይ ብለው ወቀሱኝ፤ ወቀሳቸው አሁንም አለ። እኔ ግን በያዝኩት አቋም እጸናለሁ። ዝም ብል የሚቀጥለው ዓይነ ስውር እዚያው መንገድ ዳር ይቀራል፤ አሽከርካሪውም ነገ በባሰ ሁኔታ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ገላጋይ ዳኛ፣ አሽከርካሪዎች በተደጋጋሚ አንጭንም ላሏት የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ዓይነ ስውር ሴት ኡበር 1.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኗል። ከዚያም በፊት ኡበር በዓይነ ስውራን ማኅበር ተከስሶ በስምምነት የጨረሰው ጉዳይ ነበር። የኩባንያው መመሪያ አለርጂን፣ ሃይማኖትንና ፍርሃትን ምክንያት አድርጎ መከልከልን በግልጽ ያግዳል፤ የከለከለ አሽከርካሪ ሥራውን ጨርሶ ሊያጣ ይችላል።

የዚያች ሕፃን አስም ግን እውነት ነው፤ ለእርሱም መልስ አለው። ለአሽከርካሪ ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው ይህ ነው። ወንበር ላይ የምትወጣ ውሻ የለችም፤ ጁኖ የምትገባው ወለሉ ላይ ነው፣ በእግሮቼ መካከል ተጠቅልላ ትተኛለች፣ ጭራዋን በር እንዳይዘጋባት በእጄ እሰበስባለሁ። እኔ ሁልጊዜ ከቦርሳዬ የታጠፈ አንሶላ አውጥቼ ከሥሯ አነጥፋለሁ፤ ስወርድ ፀጉሩን ከነአንሶላው ጠቅልዬ ይዤ እሄዳለሁ። ሙስሊም አሽከርካሪ ምራቋ እንዳይነካው የሚጠነቀቅ ከሆነ አፏን ወደ እኔ አዞራለሁ፤ ይህን ማድረግ ምንም አይከብደኝም። አሽከርካሪው በበኩሉ መስኮት መክፈት፣ ምንጣፉን በየማታው በቫኪዩም መጥረግ፣ ቤት ሲደርስ ልጁን ከማቀፉ በፊት ጃኬቱን መለወጥና እጁን መታጠብ ይችላል። ይህን ቢያደርግ ልጁን ከእኔ ውሻ ብቻ ሳይሆን፣ ቤታቸው ውሻና ድመት ያላቸው መንገደኞች በልብሳቸው ከሚያመጡት ብናኝም ይጠብቃታል።

ብናኝ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አለርጂ የሚቀሰቅሰው በውሻ ምራቅና ቆዳ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ከሚረግፍ ቆዳና ፀጉር ጋር ሆኖ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ምንጣፍና ልብስ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ አለርጂ የማያስነሣ የውሻ ዝርያ አለ የሚለውን የሻጮች ወሬ ማመን አይገባም። ይህን በደንብ የተማርኩት ከሥራ ባልደረባዬ ነው። እኔ በአስተርጓሚነት በምሠራበት ቢሮ አብራኝ የምትሠራ ሴት ብርቱ አስም ነበረባት፤ ጁኖ በመጣች ሳምንት የምትነፋውን መድኃኒት ደጋግማ ለመውሰድ ተገደደች። አስም እርሷንም በሕጉ ሥር የሚያስጠልል ጉዳት ሊሆን ይችላል። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለሁለታችንም ምክንያታዊ ማመቻቸት የማድረግ ግዴታ ስላለበት አለቃችን ማናችንንም ተቀመጪ ተነሺ ሳይል ሁለታችንን አንድ ላይ ጠርቶ ጠየቀን። እርሷ ወደ ሕንፃው ሌላ ጫፍ ሄደች፤ አጠገቧም አየር የሚያጣራ ማሽን ተተከለ። እኔ ከአሳንሰሩ አጠገብ የነበረውን፣ እግሬ የለመደውን ወንበር ተውኩ፤ መንገዱን ከጁኖ ጋር እንደገና መማር ነበረብኝ። በየጠዋቱ ከቤት ውጪ ፀጉሯን አበጥራለሁ፤ ቢሮ ውስጥ የምትተኛበትን ምንጣፍም በየጊዜው አጥባለሁ። ስብሰባ ሲኖር አንዳችን በክፍሉ ውስጥ፣ አንዳችን በስልክ እንሆናለን፣ ተራችንንም እንቀያየራለን። ተራ መቀያየሩ የእርሷ ሐሳብ ነበር፤ ሁልጊዜ አንዷ ብቻ ውጪ የምትቀር ከሆነ ማመቻቸት ሳይሆን መገፋት ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ይህን ነጥብ በሄድኩበት ሁሉ አነሣለሁ።

ስለ ስሜት ደጋፊ እንስሳትም ጥቂት ልበል፤ ከእኛ ጋር እየተደባለቀ ብዙ ግራ መጋባት ስለሚፈጥር ነው። ባለቤቱን በመገኘቱ ብቻ የሚያጽናና ውሻ ወይም ድመት በመኖሪያ ቤት ሕግ ሊፈቀድ ይችላል፤ አከራይም የቤት እንስሳ የሚባለውን ክፍያ አያስከፍልበትም። ወደ ምግብ ቤትና ወደ ሱቅ ግን መብት ኖሮት አይገባም። በአውሮፕላን ይፈቀድ በነበረበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2018 አንዲት ተሳፋሪ ኒውርክ አውሮፕላን ማረፊያ ጣዎስ ይዛ እስከ መምጣት ደርሳ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ አየር መንገዶች እንዲህ ያሉትን እንደ ቤት እንስሳ መቁጠር ይችላሉ። በስደትና በጦርነት ልቡ የተሰበረ ሰው ከድመቱ የሚያገኘውን መጽናናት አላቃልልም፤ በእኛም ማኅበረሰብ ውስጥ ሌሊት ብቻውን ማደር የማይችል ሰው አለ። የሚያስቆጣኝ በኢንተርኔት ሰደርያና የምስክር ወረቀት ገዝቶ ያልሠለጠነ ውሻ እንደ ረዳት የሚያቀርበው ነው። ያ ወረቀት በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ ቨርጂኒያን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች ይህን ማታለል በሕግ ይቀጣሉ። አንድ እንዲህ ያለ ውሻ በገበያ አዳራሽ ጁኖን ቢነክሳት፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ውሻ ባየች ቁጥር ሥራዋን ልትተው ትችላለች፤ የእኔ ዓይንም አብሮ ይጠፋል።

የቀረው ቤተ ክርስቲያን ነው። የጠቀስኩት ሕግ የሃይማኖት ተቋማትን አያስገድድም፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ነገር በፈቃድና በመግባባት የሚያልቅ ነው። እኔ ጁኖን ወደ ቤተ መቅደስ አላስገባም። ሥርዓቱን ስለማውቅና ስለማከብር፣ በቅዳሴ ሰዓትም እናቶችን ማስደንገጥ ስለማልፈልግ ነው። ነገር ግን በነጻ አልተውኩትም፤ ደብራችን ሰው እንዲመድብልኝ ጠየቅኩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት እህቶችም ተራ ገብተው ከመኪና ማቆሚያው ይቀበሉኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ አንድ ወጣት ዓይነ ስውር ሙስሊም መሪ ውሻውን ይዞ ወደ መስጊድ እንዲመጣ የሸሪዓ ምክር ቤት ፈቅዶለት፣ እርሱ ሲሰግድ ውሻው በመግቢያው አካባቢ የሚያርፍበት ቦታ እንደተዘጋጀለት ካወቅኩ ወዲህ፣ ሥርዓትን ሳይነኩ መላ መፈለግ እንደሚቻል ይበልጥ አምኛለሁ።

ሆኖም ለእኔ የበቃው መፍትሔ ለሁሉም አይበቃም። የእኔን ውሻ ሥራ የእህቶቼ ክንድ ለሁለት ሰዓት ሊተካው ይችላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት ግን፣ በወደቀ ጊዜ ጮኻ ሰው የምትጠራለትንና አጠገቡ የምትተኛውን ውሻ ደጅ አስሮ ቢገባ፣ መቼ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም። በእርሱ ላይ ደግሞ ከአለርጂና ከፍርሃት በፊት ሕመሙን ራሱን የመንፈስ ነገር የሚያደርገው አስተሳሰብ ይጫነዋል። ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤው ያቀረብኩት ሐሳብ፣ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ በሚሰማበት በጎን ባለው አዳራሽ፣ በሩ ወደ ውጪ በሚከፈተው ጥግ፣ ረዳት ውሻ ያለው ምእመን ከቤተሰቡ ጋር የሚቆምበት ቦታ እንዲወሰን፣ ቦታው የት እንደሆነም አስም ላለባቸው ምእመናን በማስታወቂያ እንዲነገር፣ ቄሱም ሲያቆርቡ እዚያ እንዲደርሱ የሚል ነው። አንድ የጉባኤው አባል አዳራሹ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናት የሚማሩበት ስለሆነ ምንጣፉ ጉዳይ ይታሰብበት ብለዋል፤ ልክ ናቸው። ምንጣፉ ተነሥቶ የሚጠረግና የሚታጠብ የፕላስቲክ ንጣፍ እንዲገባ፣ ወጪውንም ውሻ ያለን ሰዎች እንድንካፈል አዲስ ደብዳቤ ጽፌ አስገብቻለሁ።