ትንሽ ዝም በይ

ዛሬ ታላቅ እህቴ ስትደውልልኝ መሥሪያ ቤት ስለነበርኩ፣ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅ አድርጌ «እባክሽ ትንሽ ዝም በይ» አልኳት። እሷ ስቃ ወሬዋን ቀጠለች፤ እኔ ግን ከአፌ የወጣውን ስሰማ ክው ብዬ ቀረሁ። ያን ሰሞን ድምፅዋን ለመስማት ያልተሳልኩበት ታቦት አልነበረምና።

እንጀራዋን ምጣድ ላይ ትታ፣ «አናቴን በመዶሻ የመቱኝ መሰለኝ» እያለች ስትቀመጥ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቼ «ጋደም በይ» ያልኳት እኔው ነኝ። ማታ ሲቲ ስካኑ በአንጎሏ ዙሪያ ደም መፍሰሱን አሳየ። የደም ሥሯ ግድግዳ ሳስቶ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ኖሮ ፈንድቷል፤ ሐኪሞቹ አኑሪዝም ይሉታል። አብዛኛው አኑሪዝም የሚገኘው ከአንጎል ግርጌ ሲሆን፣ የእሷ ግን በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች መካከል በሚያልፈው የፊተኛው ደም ሥር ላይ የወጣ ነበር፤ ከመቶ 10 የማይሞላው ብቻ ነው እዚያ የሚወጣው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ገና ትንሽ ሳለ ይፈነዳል።

ቀዶ ሐኪሙ ሁለት መዳፎቹን ገጠመና በመካከላቸው ብርሃን እስኪታይ ድረስ ብቻ ፈልቀቅ አደረጋቸው። «የምገባው በዚህ ነው» አለን። በዚያ ጠባብ መንገድ ሲገቡ ደሙን ከሚያመጣው ሥር ይልቅ ቀድሞ የሚያጋጥመው የፈነዳው ጫፍ ስለሆነ፣ ዳግመኛ እንዳይደማ ያስፈራል። እስካሁን መዳፎቹ ናቸው ትዝ የሚሉኝ፤ የፈረምኩት ወረቀት ምን ይል እንደነበር ግን አላስታውስም። የእባጩን አንገት የያዘላት ክሊፕ ከቲታኒየም የተሠራ ነው። ዋልተር ዳንዲ የተባለው ሐኪም በ1937 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክረው የብር ክሊፕ እንደነበር ያነበብኩት፣ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ በዚያው ሌሊት ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዐይኗን ገለጠች፤ አልተናገረችም። ያ ደም ሥር የሚመግበው የአንጎል ክፍል ለመናገርም ለመንቀሳቀስም የሚያነሣሣ በመሆኑ፣ ቃሉ ሳይጠፋት ተነሣሽነቱ ሊርቃት እንደሚችል ነገሩን። ሥሮቹ ተኮማትረው ሌላ ጉዳት እንዳያደርሱ የታዘዘላትን ኒሞዲፒን በየ4 ሰዓቱ፣ ለ21 ቀናት፣ ሌሊቱንም ጭምር ስትወስድ፣ እኔ ከንፈሯን ከንፈሯን አያለሁ። በ11ኛው ቀን ሻዩን ቀምሳ «ስኳር የለውም እንዴ?» አለች። ኮሪደር ላይ ወጥቼ እንዴት እንዳለቀስኩ ነርሶቹ ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ ለካ እሷ ስልኩ ላይ ናት። «በይ እሺ፣ እንዳትረሺ ደግሞ!» ብላ ዘጋችው። ምኑን እንደማልረሳ አልሰማሁም። መልሼ ብደውል ደግሞ፣ ከመጀመሪያው አንሥታ ነው የምትነግረኝ።