ማውሱን የያዘው ተማሪ

ትናንት ስድስት የሲ-ዋን (የመጀመሪያ ዓመት ክሊኒካል) የሕክምና ተማሪዎች አንድ ላፕቶፕ ከበው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። ጉዳዩ ኮምፒውተር ውስጥ ላለችው ታማሚ ኢንሱሊን ይጀመር ወይስ ይቆይ የሚል ነበር። ይህን ክርክር አንድ ዓመት ጠብቄዋለሁ።

ቨርቹዋል ፔሸንት፣ ማለትም ተማሪ የሚለማመድበትን የኮምፒውተር ታማሚ፣ የምሠራው በትዋይን ነው፤ አንባቢው እየመረጠ የሚሄድበት ታሪክ መጻፊያ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ ኮድ ማወቅም አይጠይቅም። ያለቀው ኬዝ (የታማሚዋ ታሪክ) አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ስለሚሆን በፍላሽ ይዞራል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል። ታማሚዋ በአማርኛ ታወራለች። «ውሃ ውሃ ይለኛል» ስትል ፖሊዲፕሲያ (ከመጠን ያለፈ ጥማት) ብሎ መመዝገብ የተማሪው ፋንታ ነው።

ያስቸገረኝ ማውሱ ነው። ማውሱን የያዘው ይወስናል፣ የቀሩት ያያሉ። ኬዙ ቀሎባቸው መስሎኝ ሦስት ከባድ ኬዞች ጻፍኩ። ምንም አልተለወጠም። ቡድኑን እንዳላሳንስ ላፕቶፕ የለም።

መፍትሔው ብጣሽ ወረቀት ሆነ። ከእያንዳንዱ ውሳኔ በፊት ሁሉም ምርጫውንና አንድ ምክንያት ይጽፋል። ማውሱን ዝምተኛው ይይዛል፤ የሁሉም ወረቀት ሳይነበብ ማውሱ አይነካም።

ሌላው ጥፋት የራሴ ነበር። የተሳሳቱት ምርጫዎቼ ስህተትነታቸው ከሩቅ ይታይ ነበር፤ ታዲያ በምን ይከራከሩ? አሁን የማስገባው ዋርድ ውስጥ ሲደረግ ያየሁትን ብቻ ነው። መዘዙም ወዲያው አይመጣም። የትናንቷ ታማሚ ዲኬኤ (ደም አሲዳማ የሚሆንበት አደገኛ የስኳር በሽታ መዘዝ) አለባት፣ ፖታሲየሟ 2.9 ነው፤ ዝቅተኛ ነው። ኢንሱሊን ሲጀመር ስኳሯ ይወርዳል፣ ተማሪዎቹ ደስ ይላቸዋል። ግን በሽንት ብዙ ፖታሲየም አጥታለች፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ የቀረውን ወደ ሴል ያስገባዋል። ሁለት ገጽ አልፎ የልብ ምቷ ይዛባል።

አምስቱ «ኢንሱሊን» ብለው ጻፉ። አንዷ «ፖታሲየም ይቅደም» አለች። ተከራክራ ተሸነፈች፤ ኢንሱሊኑ ተጫነ። ምቱ ሲዛባ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ወረቀቷን አንስታ ምክንያቱን እንደገና አነበበችላቸው።

ነጥብ የሚሰጥ ኬዝ አልወድም። ነጥብ ካለ ተማሪው የሚያስበው ስለ ነጥቡ እንጂ ስለ ታማሚዋ አይደለም። ሆድ ዳብሶ ማወቅን ደግሞ ኮምፒውተር አያስተምርም፤ ከቤድሳይድ (ታማሚ አልጋ አጠገብ ከሚማሩበት) ሰዓት ቀንሳችሁ ለዚህ አትስጡ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ባለፈው ሴሚስተር አምስት ደቂቃ ዝም ማለት አቅቶኝ መልሱን እናገር ነበር። ስናገር ክርክሩ ይሞታል። ትናንትም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ።

አሁን የኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ደም ግፊት ጋር የሚመጣ የሚጥል መንቀጥቀጥ) ኬዝ ጀምሬያለሁ። መድኃኒቱ፣ ማግኒዥየም ሰልፌቱ ጋ አሳማኝ የተሳሳተ ምርጫ አጥቻለሁ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የምትሠሩ፣ ያያችሁትን ላኩልኝ።