ከሐረጎ በላይና በታች፦ ስሜትን በእጅ መለኪያ ስናጠና

ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ማስደንገጥ ቀላል ነው። ሳያስበው ኃይለኛ ድምፅ ታሰማዋለህ፤ የሰውነቱን መነቃቃት የሚያሳየው ግራፍ ወዲያው ሽቅብ ይወጣል። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ግን ሰው በውሎው መሀል፣ ባጃጅ ሲነዳ፣ ገበያ ላይ ዋጋ ሲከራከር፣ ሰውነቱ መቼ መቼ እንደሚነቃቃ ነበር። ስለዚህ ለመመረቂያ ጥናቴ ከደሴና ከኮምቦልቻ ፈቃደኛ የሆኑ የባጃጅ ሾፌሮችና ነጋዴ ሴቶች አገኘሁና እጃቸው ላይ መለኪያ አሰርኩላቸው።

መለኪያው ኢ4 ይባላል፤ ሲያዩት ሰዓት ነው። ቆዳ የሚነኩ ሁለት ትንንሽ ብረቶች አሉት። የማይሰማ ደካማ ኤሌክትሪክ እየላከ ቆዳው ምን ያህል እንደሚያሳልፍ በሰከንድ 4 ጊዜ ይመዘግባል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፌሬ ስሜት ሲነካ የቆዳ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅም እንደሚለወጥ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ሥራውን የሚሠሩት የላብ ዕጢዎች ናቸው። ስንደነግጥም ስንጓጓም ሳናዘው የሚሠራው የነርቭ ክፍል ይቀሰቅሳቸዋል። ላቡ ለዓይን ባይታይም ግራፉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከፍ ይላል።

አንዱ ሾፌር ገና ስናስርለት «ይሄ ነገር የማስበውን ያውቃል እንዴ?» አለኝ። የሚያውቀው ላብህን ብቻ ነው አልኩት። «እንደዛ ከሆነ እሰረው» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ችግሩ ወሎ ላይ ላብ የሚያመጣው ነገር ብዙ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ብርዱ ቆዳን ያደርቀዋል፤ ግራፉ ዝም ይላል። በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ወርዳችሁ ሞቃቷ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ ማንም ሳይቆጣ፣ ማንም ሳይፈራ ግራፉ ከፍ ብሎ ይውላል። የደሴውን ሰው ከኮምቦልቻው ማወዳደር ስለዚህ ከንቱ ልፋት ነው። እኛ እያንዳንዱን ሰው ያወዳደርነው ከራሱ ጋር ነው፤ ያውም በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት። መለኪያው የቆዳ ሙቀትና እንቅስቃሴም ስለሚመዘግብ ዳገት የተወጣባቸውን ደቂቃዎች ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ደሴ ውስጥ ዳገት የሌለበት መንገድ ካለ እስቲ አሳዩኝ።

የልብ ምቱ ነገር የባሰ ነው። መለኪያው የልብ ምት የሚያነበው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ፣ ደሙ በመጣ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ሲቀንስ በመቁጠር ነው። እጅ ከተንቀጠቀጠ ንባቡ ይበላሻል። ባጃጅ ላይ ግራ እጅ ማርሽ ይቀይራል፣ ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፤ ከሥር ደግሞ ኮብልስቶን አለ። ስለዚህ የሾፌሮቹን የልብ ምት የተጠቀምነው ቆመው ተራ ሲጠብቁ ያለውን ብቻ ነው። ሌላውን ጣልነው። ብዙ ውሂብ ይዞ ከመደናገር ጥቂት አስተማማኝ መያዝ ይሻላል።

ቡናም አለ። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በራሱ ሰውነትን ያነቃቃል። ወሎ ላይ ሰውን «ለጥናቱ ስትል ቡና አትጠጣ» ብትለው ማን ይሰማሃል? እኔም አልሞከርኩም። አቦሉ ሲቀዳ የመለኪያውን ቁልፍ አንዴ እንዲጫኑ ነው የጠየቅናቸው፤ ምልክቱ ግራፉ ላይ ይቀመጣል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ከሶላት በፊት የሚደረገው ትጥበት፣ ውዱእ፣ ነበር። ውኃው እጅን እስከ ክርን ማዳረስ ስላለበት መለኪያው ይወልቃል። ከዚያ እጅ ደርቆ መልሶ ይታሰራል፤ ብረቱና ቆዳው እስኪላመዱ ደግሞ ንባቡ አይታመንም። በዚህ ምክንያት የሙስሊም ተሳታፊዎቻችን ውሂብ በየቀኑ በሶላት ሰዓቶች አካባቢ ይቋረጣል። ክፍተቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ኮምፒዩተሩ በግምት እንዲሞላው ብንፈቅድ ኖሮ፣ ምናልባት ሰው በጣም የሚረጋጋበትን ሰዓት በሌላ ሰዓት ቁጥር እንተካው ነበር። ክፍተቱን ክፍተት ብለን ተውነው።

ይህን ሁሉ አጥርተህም ግራፉ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ማታ ማታ ከተሳታፊው ጋር ቁጭ ብለን ከፍ ያሉትን ቦታዎች አንድ በአንድ እናይ ነበር። አንዲት እህል ነጋዴ ከሰዓት በኋላ የወጣ ቀጥ ያለ ጫፍ ነበራቸው። ጫፉን ሳየው ከደንበኛ ጋር የተጣሉ መስሎኝ ነበር። «አብሽር ልጄ፣ ምንም አልነበረ» አሉኝ። ሰዓቱን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ስልካቸውን አወጡ፤ ጅዳ ያለችው ልጃቸው የደወለችበት ሰዓት ነው። ግራፉን ቀረብ አድርጌ ሳየው መውጣት የጀመረው ከማውራታቸው በፊት፣ ስልኩ እየጠራ እያለ ነው። ደስታ ነበር ወይስ ፍርሃት? «ሁለቱም ነዋ» አሉ። «ባልሰዓቷ ከደወለች ምን ይታወቃል?»

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ራስል እ.ኤ.አ. በ1980 ስሜትን በሁለት መስመር አስቀምጦታል፦ አንዱ ደስ ማለትና አለማለት፣ ሌላው የመነቃቃት መጠን። የእጅ መለኪያ የሚነግርህ ሁለተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የሚያውቁት ሴትዮዋ ናቸው። እንደዚህ ያለ ጥናት የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ከመለኪያው ቀድማችሁ የማታውን ወግ በጀት ያዙለት። ማስታወሻ ሙሉ ተብሎ ወረቀት ቢሰጣቸው አይሞሉትም፤ ቡና ተቀድቶ ሲጠየቁ ግን ያወራሉ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የአንዱ ሾፌር ባለቤት «ማታ ሲያመሽ ምን እንደሚያስደስተው አሳየኝ» ብላ መጣች። እየሳቀች ነበር፤ ግን ቀልድ ብቻ አልመሰለኝም። ሲጀመር ግራፉ የእሱ እንደሆነና ለማንም እንደማናሳይ ፈርመንለታል። ይህንኑ ነገርኳት። ለእሱ የእሱን ቅጂ ሰጠነው፤ ለእሷ ማሳየት አለማሳየቱ የራሱ ጉዳይ ነው።