ሦስት ቅዳሜ ከኮፈን ሥር

ሱፐርቻርጀሩን፣ ማለትም ሞተር ውስጥ አየር በግድ የሚጠቀጥቀውን መሣሪያ፣ ከመኪናዬ ላወርደው ነው ብዬ የነገርኳችሁ ሰሞን ግማሾቻችሁ ስቃችሁብኛል። ሰው ለመግጠም ይለፋል፣ አንተ ለመፍታት! እውነታችሁን ነው። ግን ፈታሁት። ዛሬ መኪናዋ በፋብሪካው ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ክፍል) እየሄደች ነው። አንድ ቅዳሜ ይበቃኛል ብዬ የጀመርኩት ሥራ ሦስት ቅዳሜ በላ።

ለማታውቋት፣ የ1999 ቶዮታ ፎር ራነር ናት። ባለ 3.4 ሊትር ቪ6፣ ሞተሯ 5ቪዜድ-ኤፍኢ የሚባለው። ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ሜሪላንድ ስገዛት ሱፐርቻርጀሩ ተገጥሞላት ነበር። ሻጩ ቁልፉን ሲሰጠኝ አንድ ትልቅ ካርቶንም አብሮ አሸከመኝ። «ኦሪጅናል ዕቃዋ ነው፣ አንድ ቀን ትፈልገዋለህ» አለኝ። ካርቶኑ ጓዳ ገባ፣ ሻንጣ ተጫነበት፣ ተረሳ።

እንዳስታውሰው ያደረገኝ ዳገት ነው። በ68 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሜሪላንድ ስትሄዱ ሳይድሊንግ ሂል የሚባል ተራራ አለ፤ መንገዱ ተራራውን ለሁለት ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሐምሌ ላይ ቤተሰብ ጭኜ፣ ኤሲ ከፍቼ ዳገቱን ስያያዘው ጣሳ ውስጥ የገባ ጠጠር ዓይነት ድምፅ ከሞተሩ መጣ። እግሬን አነሳሁ፣ ጠፋ። ረገጥኩ፣ ተመለሰ። ቤንዚኑ ካለጊዜው ሲነድ የሚሰማ ድምፅ ነው። ዝም ብላችሁ ከነዳችሁበት ፒስተን ይበላል፣ የቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያውን፣ ያቃጥላል።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ይሄ ሞተር ሲሠራ አየር በግድ ይጠቀጠቅበታል ተብሎ አልታሰበም። የመጭመቅ መጠኑ 9.6 ለ 1 ነው፤ ያለ ሱፐርቻርጀር ለሚሠራ ሞተር ጥሩ፣ ለሱፐርቻርጀር ግን ከፍ ያለ። አየሩ ሲጨምር ቤንዚኑም አብሮ መጨመር አለበት። አንዳንዶች ለዚህ ብለው ከስድስቱ ሌላ ሰባተኛ ኢንጀክተር (ቤንዚን መርጫ) ያስገጥማሉ። የኔዋ የላትም። የድሮው ባለቤት ካንዴላውን ብቻ ቀይሮ፣ ለቀረው ፈጣሪን ይዞ ሲነዳ ኖሯል። እኔም አራት ዓመት ሳላውቅ እንደዚያው። በዚያ ላይ ውዱን ቤንዚን ካልሆነ አትጠጣም፤ በጋሎን አንድ ዶላር ገደማ ልዩነት አለው። እኔ ደግሞ የምነዳው ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ ነው።

ሥራውን የሠራሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ጓደኛዬ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። አባቱ አዲስ አበባ ጋራዥ የነበራቸው ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ወንበር አውጥተው፣ ቡናቸውን ይዘው ሲያዩኝ ዋሉ። የመጀመሪያ ቃላቸው «አዲስ አበባ ብትሆን አታውርደው እልህ ነበር» የሚል ነበር። ልክ ናቸው። ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተርም የዚያኑ ያህል ጉልበት ያጣል። እንጦጦን ለሚወጣ ሰው ሱፐርቻርጀር ቅንጦት አይደለም። እዚህ ግን ከባሕሩ ብዙም ከፍ አላልንም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መፍታት ብቻ ነበር። ባትሪው ተነቀለ። ኩላንት ከራዲያተሩ ቀነስኩ፤ ትሮትል ቦዲው (የአየር መግቢያው በር) ሥር የሚያልፉ ሁለት ቀጫጭን የኩላንት ቱቦዎች ስላሉ ይሄን ከረሳችሁ ሞተሩ ላይ ይፈሳል። የነዳጅ መርገጫው ካቮ፣ ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረው ረጅሙ ቺንግያ (ቀበቶ)፣ የአየር ቱቦዎቹ በየተራ ወጡ። ሱፐርቻርጀሩ በዚህ ሞተር ላይ የሚቀመጠው የላይኛው ማኒፎልድ ቦታ ነው። ማኒፎልዱን አውጥተው ሱፐርቻርጀሩን ይተኩበታል። ስለዚህ ብሎኖቹ አልቀው ለሁለት ስናነሳው ስድስት ክፍት ቀዳዳ ፊት ለፊቴ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቫልቮላና ፒስተን ነው።

«ጨርቅ!» አሉ ጋሼ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «መጀመሪያ ጨርቅ፣ ከዚያ ወሬ!»

ስድስት ጨርቅ አስገባሁ። ቁጥሩን እጄ ላይ በእስክሪቢቶ ጻፍኩት። አትሳቁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ ዳዶ ከእጄ አመለጠችና «ቂው» ብላ ጠፋች። ጨርቁ ባይኖር የት እንደምትገባ ማሰብ አልፈልግም። ማግኔት ይዤ ሳስስ ከሁለቱ ቴስታታዎች መካከል ያለው ሸለቆ ውስጥ ተጋድማ አገኘኋት።

ሌላ የጠቀመኝ ነገር ካርቶን ላይ የሞተሩን ሥዕል ሞነጫጭሬ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው መሰካቴ ነው። አብዛኞቹ በ12 ቁልፍ የሚፈቱ ናቸው፤ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ ቁመታቸው ግን ይለያያል። የሱፐርቻርጀሩን ብሎን በፋብሪካው ማኒፎልድ ላይ ልጠቀም ብትሉ አንዱ ያጥራል፣ ሌላው ሳያጠብቅ መጨረሻው ይደርሳል። ሁለት ካርቶን ያዙ፣ አንዱን ለሚወጣው፣ አንዱን ለሚገባው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ የድሮውን ካርቶን ከፈትኩ። ምንም ምልክት የለበትም። ማኒፎልዱ አለ፣ ብሎኖች በአንድ ላስቲክ ተዘባርቀው አሉ፣ አራት ቱቦ አለ፤ የቱ የየት እንደሆነ ሻጩና እግዜር ያውቃሉ። አንድን ነገር ራሳችሁ ፈትታችሁ ራሳችሁ ስትመልሱ እጃችሁ ያስታውሳል። ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት የፈታውን መመለስ ግን ደብዳቤውን ሳታዩ መልስ እንደመጻፍ ነው። መመሪያውን ከፍቼ ቱቦ በቱቦ ሄድኩ።

ፊቱን ለማጽዳት የፕላስቲክ መፋቂያ ብቻ ተጠቀሙ። ማኒፎልዱ አሉሚኒየም ነው፣ በብረት ከጫራችሁት አየር ያሳልፋል። ድሪል ላይ የሚገጠመውን ሻካራ ክብ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት፤ ብናኙ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ዓመት ሙሉ ትከፍሉበታላችሁ። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ነው። አሮጌውን አጥቤ ልመልሰው ብዬ ነበር፣ ጋሼ አዩኝ። አላናገሩኝም፣ አዩኝ ብቻ። ሄጄ ገዛሁ።

ጨርቆቹን አወጣሁ። ስድስት። እጄን አየሁ። ስድስት።

ሲጠብቅ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር ነው። መመሪያው 18 ኒውተን ሜትር ይላል፤ በጣም ትንሽ ነው፣ በረጅም እጀታ የለመደ ሰው በቀላሉ ይበጥሰዋል። የመለኪያ ቁልፌን ሳወጣ ጋሼ ሳቁ። «እኔ በእጄ ነው የማውቀው።» አንዱን ብሎን በአጭር እጀታ አጠበቁና «ለካው» አሉኝ። ለካሁት። ብሎኑ ንቅንቅ ሳይል መለኪያው «ቀጭ» አለ። ቡናቸውን ፉት አሉ። ምንም አልጨመሩም።

ካንዴላዎቹንም መለስኩ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳል። ለሱፐርቻርጀር አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ ካንዴላ ይገጠማል፤ በካንዴላ ሠሪው በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚህ ባለ 6 ወጥቶ ባለ 5 ይገባል። ቀዝቃዛው እንዳለ ከቀረ በአጭር መንገድ ንዳት ጥላሸት ይይዛል። ካወጣኋቸው ሦስቱ ጫፋቸው ነጣ ብሎ ነበር፣ ከመጠን በላይ የመጋል ምልክት ነው፤ ሳይድሊንግ ሂል ላይ የሰማሁት ድምፅ ውሸት አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች! ጓደኛዬ አጨበጨበ። ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞርበት ፍጥነት) ግን በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ቆመ። መሆን ያለበት 700 አካባቢ ነው። ትሞቅና ትወርዳለች ብለን ጠበቅን። አልወረደችም። በሳምንቱ ውስጥ የሞተር መብራቱ በራ። ትንሿን የኮድ ማንበቢያ ሰካሁ፦ ፒ0171። ቤንዚን አንሷል፣ አየር በዝቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተማርኩትን በደንብ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ከሥራው ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው። የሚገባው አየር ፊልትሮው አጠገብ ባለ ሴንሰር ይለካል። ከዚያ በኋላ በስንጥቅ የሚገባ አየር ግን ሳይቆጠር ያልፋል። ኮምፒውተሩ በጭስ ማውጫው በኩል ያውቅበትና ቤንዚን ይጨምራል። የጨመረውን መጠን ማንበቢያው በመቶኛ ያሳያችኋል። የኔዋ በሚኒሞ 18 ከመቶ ትጨምራለች። በ2,500 ዙር ይዣት ሳየው 4 ከመቶ። ልዩነቱ ራሱ መልስ ነው። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳው ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ዙሩ ሲጨምር ያው ቀዳዳ ከብዙ አየር ጋር ሲተያይ ኢምንት ይሆናል። ችግሩ የቤንዚን ፖምፓ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን ነበር የማየው፣ ዙር ሲጨምር ይብስ ነበር። ስለዚህ ፖምፓ አልገዛሁም። ልገዛ ግን ጫፍ ደርሼ ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ። እኔ ውሃ በመርጫ እያርከፈከፍኩ ሚኒሞው ይወርድ እንደሆነ አያለሁ። ካርቡራተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ሞተር ላይ እሳት ይይዛል፣ እኔ አልመክርም። ጋሼ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው መጡ፤ አንድ ክንድ የሚሆን የጎማ ቱቦ። አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ እያንቀሳቀሱ እንደ ሐኪም አዳመጡ። ከቬንቲላተሩ ራቅ እንዲሉ ብነግራቸው በእጃቸው ዝም በል አሉኝ። ማኒፎልዱን ዙሪያውን ዞሩት። ከኋላ በኩል ሲደርሱ ቆሙ። «ና ስማ።»

ጆሮዬን ሰጠሁ። ስስስስ የሚል ቀጭን ፉጨት።

ከቫልቮላ ክዳኑ የሞተሩን ትንፋሽ ወደ ማኒፎልድ የሚመልሰው ቱቦ ነበር። ከካርቶኑ ያወጣሁት ኦሪጅናሉ። ከላይ ሲታይ ደህና፣ ጥቁር፣ ሙሉ። ስልኬን ከሥሩ አስገብቼ ፎቶ ሳነሳው ሆዱ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህል ስንጥቅ። ዓመታት ካርቶን ውስጥ ቆይቶ እንደ ቋንጣ ደርቋል። አውጥቼ ሳጥፈው ለሁለት ተሰበረ።

አዲሱ ቱቦ ቡና ለሁለት ሰው አይጋብዝም። ከፋሼታው (ከማሰሪያው) ጋር ገጠምኩት፣ የቀሩትንም ሦስት አሮጌ ቱቦዎች አብሬ ቀየርኩ። ሚኒሞው 700 ላይ ቁጭ አለ። ጭማሪው ወደ 2 ከመቶ ወረደ።

አሁን እንዴት ናት? ደካማ ናት፣ ምን ልዋሻችሁ። ፋብሪካው 183 የፈረስ ጉልበት ነው የሰጣት፤ ሱፐርቻርጀሩ ከዚያ ላይ ከ60 በላይ ይጨምራል ይባላል። 495 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ስገባ ድሮ እሷ ትወስነው የነበረውን አሁን እኔ ቀድሜ አስባለሁ። ርካሹን ቤንዚን ትጠጣለች። ባለፈው እሑድ ሳይድሊንግ ሂል ወሰድኳት፣ ኤሲ ከፍቼ። በሦስተኛ ማርሽ፣ እያጓራች፣ የጭነት መኪና ተከትላ ወጣች። ጠጠሩ የለም።

የጭስ ምርመራ ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ወር ነው። ባትሪ ነቅላችሁ ኮድ አጥፍታችሁ በማግሥቱ አትሂዱ፤ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻዎች ጨርሶ ካልተዘጋጀ ይመልሷችኋል። እኔ ሳምንት ያህል ከተማም አውራ ጎዳናም እያፈራረቅሁ ነዳሁ።

ሱፐርቻርጀሩ በዚያው ካርቶን ውስጥ ጓዳ ተመልሷል። ኩሽኔታው ጤነኛ ነው፣ የሚፈልግ ካለ ይንገረኝ። ብሎኖቹ በሥዕሉ ላይ ተሰክተዋል፣ ቱቦዎቹ ላይ የየት እንደሆኑ ጽፌ ለጥፌባቸዋለሁ። ላዩ ላይ በትልቁ «ቱቦውን አትመኑት» የሚል አለበት።