ድመቷን አትቀስቅሷት

ድመታችን ዳማ እኛ ቤት ከመጣች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ውጭ አትወጣም። እማዬ ልትጠይቀን በመጣች ቁጥር "ይቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ነው እንዴ የምትውለው?" ትላለች። ለእሷ ድመት ማለት አይጥ የምትይዝ ናት።

እኔም መጀመሪያ ጨንቆኝ ነበር። ቀን ተኝታ ትውልና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ሳሎኑን እንደ ፈረስ ትጋልብበታለች፣ በር ትቧጥጣለች፣ ጆሮዬ ሥር መጥታ ትጮሃለች። እንደ ሕፃን ልጅ ቆጥሬያት፣ ቀን ካልተኛች ሌሊት ትተኛለች ብዬ ጋደም ባለች ቁጥር መቀስቀስ ጀመርኩ። ትልቅ ስህተት። ሳምንት ሳይሞላ አልጋ ሥር መደበቅ አመጣች። ልጄ ሊያቅፋት ሲል ቧጨረችው፤ ከዚያ በፊት ማንንም ቧጭራ አታውቅም።

ጤነኛ አዋቂ ድመት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። ግልገሎችና ያረጁት ደግሞ እስከ 20 ሊደርሱ ይችላሉ። አዳኝ ናትና ጉልበቷን ታጠራቅማለች። የምትነቃቃው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የምትረብሸኝ ክፋት ይዟት አይደለም፣ የአደን ሰዓቷ ደርሶ ነው።

ደግሞ አብዛኛው እንቅልፏ ሸለብ ማድረግ ብቻ ነው። ዓይኗ ተጨፍኖ ጆሮዋ ይጠብቃል፤ ፍሪጅ ሲከፈት ወደዚያ ዞር ይላል። ድብን ያለ እንቅልፍ የሚወስዳት በመሃል በመሃል፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻታለሁ። በጎኗ ተዘርግታ ጢሟ ይንቀጠቀጣል፣ የፊት መዳፏ የሆነ ነገር እንደሚይዝ ጨበጥ ዘርጋ ይላል፣ ከዓይን ቆቧ ሥር ዓይኗ ሲንከባለል ይታያል። እኔ ስቆርጥባት የነበረው ይሄንን ነው። እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ሙቀትም ትፈልጋለች። የሰውነቷ ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ ነው፤ ለእኛ ደህና የሆነው ክፍል ለእሷ ይቀዘቅዛታል። እንጀራ በተጋገረ ቀን ከምጣዱ አጠገብ የማትጠፋው፣ ክረምት ላይ የእማዬ ጋቢ ውስጥ የምትጠቀለለው ለዚህ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ አሮጌ ሹራብ ያነጠፍኩበት ካርቶን አስቀመጥኩላት። ከፍ ያለ ቦታ ሆና በሩን ማየት ትወዳለች። ልጄንም እዚያ ከገባች ማንም አይነካትም አልኩት።

ሌሊቱን ያስተካከለልን የማታ ጨዋታ ነው። ከመተኛታችን በፊት ክር ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሬ ሩብ ሰዓት ያህል አሯሩጣታለሁ (ክሩን ስጨርስ አነሳዋለሁ፣ ከዋጠችው አንጀቷን ይጎዳል)፣ ከዚያ እራቷን እሰጣታለሁ። ትበላለች፣ ራሷን ልሳ ታጸዳለች፣ ትተኛለች። ሌሊት ስትጮህ ግን ተነስታችሁ ምግብ አትስጧት። አንዴ ከሰጣችኋት በማግስቱም በዚያው ሰዓት ትመጣለች። እኛ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል።

ብዙ መተኛቷ አያስፈራችሁ፣ የሚያስፈራው ድንገት መለወጧ ነው። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ከወትሮው የበለጠ ከተኛች፣ ወትሮ የማትገባበት ጥግ ከተሸሸገች፣ ምግብ ሳትነካ አንድ ቀን ካለፋት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። የምትጸዳዳበት አሸዋ ላይ እየተመላለሰች ሽንት አልወጣ ካላት፣ በተለይ ድመታችሁ ወንድ ከሆነ፣ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ነው የሚኬደው።