የእሑዱ ሰዓት

ዛሬ አንድ የተዘጋ መደብር በር ላይ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ስልካቸው «ክፍት ነው» ይላል። መስታወቱ ላይ ግን ወረቀት ተለጥፏል። የእሑዱ ሰዓት በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከጎኑ «ዝግ» ተብሎ ተጽፏል። እስክሪብቶው ደብዝዟል፤ ከተጻፈ ቆይቷል ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ኦንላይን ያለውን የነካው ሰው የለም። ልጁ ደጋግሞ በሩን ይገፋል። አንጀቴን በላው።

ባለሱቆች፣ እባካችሁ ወረቀቱን ስታርሙ ኦንላይን ያለውንም አብራችሁ አርሙ። ጉግል ማፕ ላይ ባለቤቱ ራሱ ሰዓቱን መቀየር ይችላል፤ በነጻ ነው። የበዓል ሰዓት ደግሞ ለብቻው ነው የሚሞላው። ካልተሞላ የአዘቦቱ ሰዓት እንዳለ ይታያል። ደንበኛም ስህተት ካየ ማስተካከያ መጠቆም ይችላል። እኔ እዚያው ቆሜ ጠቆምኩ።

ለምንገዛው ደግሞ፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ፣ መደወል ይሻላል። ትልልቅ መደብሮች ክፍት ሆነው እንኳ ውስጣቸው ያለው መድኃኒት ቤት ወይም ዕቃ የሚመለስበት ክፍል ቀድሞ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ «ክፍት ናችሁ?» ብቻ አትበሉ። የምትፈልጉትን ክፍል ስም ጠርታችሁ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቁ።