ዳትሰን 240ዜድ ሲገዛ ከቀለሙ በፊት

ዛሬ ቀኑ ያለቀው በፈረንጆቹ 1971 ከተሠራ አንድ ዳትሰን 240ዜድ የስፖርት መኪና ስር ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ዋጋውም የተጠራው በቀለሙ ነው። ቀለሙን ተዉት። መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍታችሁ ባትሪውን አውጡ። አሲዱ መቀመጫውን ይበላና ቀስ እያለ ከስሩ ወዳለው ሻንሲ ይወርዳል። እዚያ ጋ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። ከገባ፣ በስቱኮ የሚሸፈን ነገር አይደለም፤ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየዳል።

ቀጥሎ የስኮርታ ጎማው ጉድጓድ፣ ወለሉ ከስር፣ ከበሩ ኋላ ያለው ላሜራ የታችኛው ጫፍ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ስር ያለው ስቱኮ ነው።

ሞተሩ ብዙም አያስፈራም፣ ኤል24 የሚባለው ይህ ሞተር ቻይ ነው (የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1971 እና በ1973 ያሸነፈው ይኸው መኪና ነው)። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ እንደሞቀ ማስገቢያው 0.25፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አልወርድ ካለ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን የካርቡራተሮቹን ዘንግ ጠርጥሩ፤ ተበልቶ አየር ያስገባል። ዘንጉ ላይ የካርቡራተር ማጽጃ ስትነፉ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ፣ የሚኒሞ ብሎን ማዞሩ ልፋት ብቻ ነው።